የሰው ሶፋ፣ የራስ ዕዳ

ደብዳቤዎቻችሁ እንቅልፍ ነስተውኛል። በተለይ አንዱ ከጠረጴዛዬ ላይ አልነሳ ብሎ ሳምንቱን ሙሉ ሲያፈጥብኝ ከረመ።

ጸሐፊዋ የ25 ዓመት ወጣት ናት። ስሟንም ሰፈሯንም አልነግራችሁም። ከእጮኛዋ ጋር አራት ዓመት ተዋደው ቆይተዋል፤ ሠርጋቸው ከፋሲካ በኋላ ነው። ልጁ መልካም ልጅ ነው። አይጠጣም፣ አያመሽም። የእንጨት ሥራ ባለሙያ ነው፤ አልጋና ጠረጴዛ ይሠራል፤ እጁም የተመሰከረለት ነው። ታዲያ ምን ተገኘ? አትሉኝም?

የተገኘውማ ፎቶ ነው!

እጮኛ ሆዬ ለሠርጉ ፎቶና ቪዲዮ ሲል የማያውቀውን ሰው ቪላ ለአንድ ቀን ተከራይቷል። ቪላው ውስጥ የሚገባ የቆዳ ሶፋ ተከራይቷል። በር ላይ የምትቆም መኪና ተከራይቷል። ለሙሽሪት አንገት የሚሆን ወርቅ ደግሞ ከአክስቱ ተውሷል። ፎቶው ውጭ አገር ላሉ ዘመዶች ይላካል፤ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይም ይለቀቃል። ገንዘቡስ ከየት መጣ? ዕቁቡን አስቀድሞ ወስዷል፤ የጎደለውን ከጓደኛው ተበድሯል። እህታችን ቁጭ ብላ ስትደምረው ዕዳው ተጋብተው ሊገቡበት የተከራዩት የአንድ ክፍል ቤት የሁለት ዓመት ኪራይ ሆነባት። ስትጠይቀው «ፎቶ ብቻ እኮ ነው» ይላታል። «ለቤተሰብሽ ግን እንዳትነግሪ» ማለቱንም አልረሳም።

ጥያቄዋ አጭር ነው። እሱ ነው ውሸታም ወይስ እኔ ነኝ ያልሠለጠንኩት?

እንግዲህ ይህን ጥያቄ ሳሰላስል ትዝ ያሉኝ የፍላንደርስ ሠዓሊዎች ናቸው። ምን አገናኛቸው አትበሉኝ፤ ታገሡኝ። ፍላንደርስ ዛሬ ቤልጅየም በምንላት አገር ሰሜናዊ ክፍል ያለ ምድር ነው። ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን እነ ብሩጅና አንትወርፕን የመሰሉ የነጋዴ ከተሞች ነበሩት። ነጋዴው ገንዘብ ሲያገኝ የቅዱሳንን ሥዕል ብቻ ሳይሆን የራሱን ቤት፣ የራሱን ወጥ ቤት፣ የጎረቤቱን ሠርግና የጠጅ ቤቱን ግርግር ጭምር በሥዕል ማየት አማረው። ሠዓሊዎቹም ሣሉለት። ሲሥሉ ታዲያ ዕቃ ዝም ብሎ ዕቃ አይደለም። ሻማው፣ ሚዛኑ፣ ጫማው፣ ውሻው ሁሉ ስለ ባለቤቱ አንዳች ነገር ያወራል። ስለ ቤት፣ ስለ ዕቃና ስለ ጉራ ከእነሱ የተሻለ አማካሪ የት አገኛለሁ? (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ብርቱካን በመስኮት ላይ

በ1434 ያን ቫን ኤይክ የተባለ ሠዓሊ ብሩጅ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ባልና ሚስት ሣለ። ባልየው አርኖልፊኒ ከሚባል ቤተሰብ የተወለደ የጣሊያን ነጋዴ ነው። ሥዕሉ አሁን ለንደን፣ ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ይገኛል። ቁመቱ 82፣ ወርዱ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። ግድግዳ ላይ ከምንሰቅለው ትልቅ ካላንደር ብዙም አይበልጥም። ግን እዚያች ጣውላ ላይ ያልገባ ነገር የለም!

ባል በፀጉራም ቆዳ የተገመሰ ካባ ደርቧል። ሚስት መሬት የሚጠርግ አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳለች። ከኋላቸው ቀይ መጋረጃ ያለው አልጋ አለ። ከጣሪያው የናስ መቅረዝ ተንጠልጥሏል፤ በቀን ብርሃን አንዲት ሻማ ብቻ ትነድበታለች። ከእግራቸው ሥር ትንሽ ውሻ ቆማለች። የእንጨት ጫማ ወልቆ ወለሉ ላይ ተጥሏል። መስኮቱ ሥር ደግሞ ብርቱካን አለ። ብርቱካን ምን ያስደንቃል እንዳትሉ። በዚያ ብርድ አገር ብርቱካን አይበቅልም፤ ከደቡብ አገር ተጭኖ የሚመጣ ውድ ነገር ነበር። ያኔ ብርቱካንን መስኮት ሥር ማስቀመጥ ማለት ዛሬ የመኪና ቁልፍን ካፌ ጠረጴዛ ላይ እንደ መወርወር ነው። ጉራ ነው በአጭሩ!

ስለዚህ አንደኛው ነገር ይህ ነው። በሥዕል ፊት መዋብ፣ ያለውን ማሳየት፣ ትንሽም መጀነን የዛሬ ልጆች የፈጠሩት በሽታ አይደለም። ቢያንስ 600 ዓመት ሊሞላው ነው።

ዕቃዎቹ ምን ይላሉ? በ1934 ኤርቪን ፓኖፍስኪ የተባለ የታወቀ የሥነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሻማዋ ሁሉን የሚያየው የእግዚአብሔር ዓይን ናት፤ ውሻዋ ታማኝነት ናት፤ ጫማው የወለቀው ቦታው የተቀደሰ ስለሆነ ነው፤ ሥዕሉም በጠቅላላው የጋብቻ ምስክር ወረቀት ማለት ነው አለ። ማስረጃም አላጣም። ግድግዳው ላይ ሠዓሊው በሚያምር ጽሕፈት እዚህ እንደነበረ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፏል። ከጽሑፉ በታች ጎበጥ ያለ ክብ መስተዋት አለ፤ መስተዋቱ ውስጥ በር ላይ የቆሙ ሁለት ሰዎች ይታያሉ። ምስክሮች ናቸው ማለት ነው። ዓለም በሙሉ ይህን ትርጓሜ ተቀበለ።

ቆየት ብሎ ግን ሌሎች ሊቃውንት ቀስ ብለው ጥያቄ ማንሳት ጀመሩ። በዚያ ዘመን እኮ አልጋ በእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥም ይቀመጥ ነበር። ሴትየዋም ነፍሰ ጡር አይደለችም፤ የዘመኑ ፋሽን የሆነውን ከባድ ቀሚስ ሰብስባ ይዛ ነው። ከዚያ ሥዕሉ በኢንፍራሬድ ጨረር ተመረመረ። ውሻዋ፣ መቅረዙና ጫማዎቹ በመጀመሪያው ንድፍ ውስጥ አልነበሩም! ሠዓሊው እየሣለ ሳለ ነው የጨመራቸው። በ1998 የናሽናል ጋለሪው ሎርን ካምቤል ባሳተመው ጥናት ሥዕሉ የባልና ሚስት ምስል እንጂ የምስክር ወረቀት አይደለም አለ፤ ክፍሉም ራሱ ሠዓሊው የቀናበረው እንጂ እውነተኛ ክፍል አይመስልም አለ።

እጮኛ ሆይ፣ እዚህ ላይ ሳቅህ ይሰማኛል! «አየሽ፣ ቫን ኤይክም ክፍል አቀናብሯል» ልትላት ነው። ልክ ነህ፣ አቀናብሯል። ግን አንድ ነገር ልብ በል። ሰውዬው የመጣው ሉካ ከምትባል በሐር ንግድ ከታወቀች ከተማ ነው። ጨርቅ የሚያውቅ ሰው ጨርቅ አሳየ። የራሱን ሙያ አሳየ። አንተ ግን በእጅህ አልጋ የምትሠራ ሰው ሆነህ ሌላው የሠራውን ሶፋ ተከራይተህ ትቀመጣለህ። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ያ ጎበጥ ያለ መስተዋትም አንድ ነገር ይነግረናል። ፊት ለፊት የምናያቸው ባልና ሚስት በመስተዋቱ ውስጥ ጀርባቸው ይታያል። ፊቱን ለዓለም ብታሳምረውም ጀርባውን የሚያይ ሰው አይጠፋም። በትዳር ውስጥ ያ ሰው ሚስትህ ናት።

ሚዛኑና መጽሐፉ

ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1514፣ አንትወርፕ ውስጥ ኩዊንተን ማሲስ የተባለ ሠዓሊ ሌላ ባልና ሚስት ሣለ። ይህኛው ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም ነው ያለው። ባልየው ገንዘብ መንዛሪና አበዳሪ ነው። አንትወርፕ ከየአገሩ ነጋዴ የሚጎርፍባት ከተማ ነበረች፤ ሳንቲሙም የየአገሩ ነው። የሳንቲሙ ዋጋ የሚታወቀው በውስጡ ባለው ወርቅና ብር ልክ ስለሆነ መመዘን የግድ ነበር። እናም ባል በትንሽ ሚዛን ሳንቲም እየመዘነ ነው። ፊቱ ጠረጴዛው ላይ ዕንቁ፣ ቀለበትና ወርቅ ተዘርግቷል። ሚስት አጠገቡ ተቀምጣለች። እጇ ላይ የጸሎት መጽሐፍ አለ፤ የተገለጠው ገጽ ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተሥላለች። እጇ ገጹን ሊገልጥ ነው። ዓይኗ ግን የት ነው? ሳንቲሙ ላይ!

ይህን ሥዕል ያየ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው «አይ ሴትዮ፣ ጸሎቷን ትታ ገንዘብ ታያለች» ነው። እውነትም ከኋላቸው ያለው መደርደሪያ የሚያስጠነቅቅ ይመስላል። የአዳምና የሔዋንን ፍሬ የሚያስታውስ ፍሬ አለ። የጠፋ ሻማ አለ፤ የሰው ዕድሜ እንደ ሻማ ያልቃል ማለት ነው ይላሉ። ንጹሕ ውኃ የያዘ ብርጭቆና መቁጠሪያም አለ፤ እነሱ የእመቤታችንን ንጽሕና ያመለክታሉ ይባላል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕሉን ያየ ሰው እንደጻፈው ከሆነ በጥንቱ ክፈፍ ላይ ስለ ትክክለኛ ሚዛን የሚናገረው የኦሪት ዘሌዋውያን ሕግ ተጽፎበት ነበር። ምዕራፍ 19፣ ቁጥር 36ን ገልጣችሁ እዩት።

እኔ ግን ሥዕሉን በሌላ ዓይን ማየት እወዳለሁ። እስቲ አስቡት። ባል ገንዘቡን የሚመዝነው ሚስቱ ፊት ነው። አልደበቀም። ጓዳ ገብቶ አልቆጠረም። ሁለቱም አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አንድ ሚዛን ላይ አፍጥጠዋል። ስንት ባልና ሚስት አሉ እስከ ዛሬ የዚህን ያህል አብረው አንድ ሒሳብ ላይ ያላፈጠጡ? ስንቷ ናት የባሏን ዕዳ ከአበዳሪው አፍ የሰማች?

ሰማያዊው ካባ

አሁን ወደ ታላቁ ፒተር ብሩገል እንሂድ። በ1559 የሣለው አንድ ሥዕል በርሊን ይገኛል። ሥዕሉ አንድ መንደር ነው፤ ግን በመንደሩ ውስጥ ከመቶ በላይ ተረትና ምሳሌ በሰው ተመስሎ ይታያል። አንዱ ግድግዳን በጭንቅላቱ ይመታል። አንዷ በአንድ እጇ እሳት፣ በሌላው ውኃ ይዛለች፤ እኛ ሁለት ምላስ የምንላት ዓይነት ናት። አንዱ ጥጃው ገብቶ ከሞተ በኋላ ጉድጓዱን ይደፍናል፤ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት አይደል?

ከመሀሉ ላይ ቀይ ቀሚስ የለበሰች ወጣት ሚስት አለች። ለባሏ ሰማያዊ ካባ ታለብሰዋለች። ላየው ሰው እንክብካቤ ይመስላል። ግን በእነሱ አነጋገር ሰማያዊ ካባ ማልበስ ማለት የትዳር ጓደኛን ማታለል ነው። ሥዕሉ ራሱ በጥንት ጊዜ «ሰማያዊው ካባ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ካባው ያምራል፣ ይሞቃል፤ የባልየውን ፊት ግን ሸፍኖታል። ምኑንም አያይም።

እህቴ፣ እጮኛሽ አንቺን አላለበሰሽም። ዕዳውን ነግሮሻል፤ ይህ ለእሱ ትልቅ ነጥብ ነው። «ለቤተሰብሽ እንዳትነግሪ» ሲልሽ ግን ካባውን አንቺ እንድትይዢለት እየጠየቀሽ ነው። አብራችሁ ለእናትሽና ለአባትሽ ልታለብሱ ነው ማለት ነው። ደግሞ ካባ ማልበስ አንዴ ከተጀመረ አያቆምም። ዘመድ ከውጭ መጥቶ «ያ ቪላ የታለ?» ሲል ሁለተኛ ካባ ያስፈልጋል። «መኪናዋስ?» ሲል ሦስተኛ።

ሥጋው ከፊት፣ እንግዳው ከኋላ

የሠርግ ነገር ከተነሳ ስለ ድግሱም ልበላችሁ። አንትወርፕ ውስጥ ፒተር አርትሰን የሚባል ሠዓሊና ከእሱ የተማረው ዮአኪም ቡክላር የሚባል ሌላ ሠዓሊ ነበሩ። ሁለቱም ወጥ ቤትና ገበያ በመሣል ታወቁ። አርትሰን በ1552 የሣለው አንድ ሥዕል ቪየና ውስጥ አለ። ከፊት ለፊት ትልቅ የሥጋ ብልት ተጋድሟል፤ ዳቦ፣ አበባ፣ የከበረ ዕቃ ተከምሯል። ዓይናችሁ እዚያው ሥጋው ላይ ይቀራል። ቆይታችሁ ስታዩ ነው ከኋላ፣ በሩቁ፣ ትናንሽ ሰዎች የምታገኙት። ክርስቶስ በማርታና በማርያም ቤት ተቀምጧል! ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ማርታ በመስተንግዶው ስትባክን ማርያም ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ትሰማዋለች። ቡክላርም በ1570 እንደዚሁ አድርጎ ሥሏል፤ ከፊት ሴቶች ዶሮና ሥጋ ሲያሰናዱ፣ ከኋላ ያው ቤት።

ሠዓሊዎቹ እንግዳውን ኋላ ያደረጉት ንቀው አይደለም። እኛን ሊፈትኑን ነው። ሥጋው ላይ ትቀራላችሁ ወይስ አልፋችሁ ታያላችሁ? እኔማ ስንቱን የሠርግ ቪዲዮ አይቻለሁ መሰላችሁ! መኪናው አለ፣ ኬኩ አለ፣ አበባው አለ፣ ሥጋው አለ። ሙሽሮቹ ግን ከሁሉም ኋላ ትንሽ ሆነው ይታያሉ።

መዝጊያውን ነቅለው ትሪ አደረጉት

አሁን ደግሞ የምወደውን ሠርግ ላሳያችሁ። ብሩገል በ1567 አካባቢ የሣለው የገበሬ ሠርግ ነው፤ እሱም ቪየና ነው ያለው። ድግሱ የእህል ማከማቻ ውስጥ ነው። ግድግዳው የተከመረ ጭድ ነው፤ ከእሱ ላይ ሁለት ነዶ ተሰቅሏል። ከሙሽራዋ ኋላ አንድ አረንጓዴ ጨርቅ ተንጠልጥሏል፣ ከጨርቁ ላይ የወረቀት አክሊል። በቃ፣ ዲኮሩ ይኼው ነው። ምግቡ በሳህን የቀረበ ገንፎ ነው። ትሪ የላቸውም፤ መዝጊያውን ከማጠፊያው ነቅለው ሳህኖቹን ደርድረው ሁለት ሰዎች ይሸከሙታል! አንድ ልጅ የጣዎስ ላባ የተሰካበት ትልቅ ቆብ ደፍቶ ወለሉ ላይ ተቀምጦ ሳህን ይልሳል። ከሙዚቀኞቹ አንዱ የቆዳ ከረጢት ያለውን ዋሽንቱን ይዞ ምግቡ ላይ አፍጧል። ሙሽራዋ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ ፈገግ ብላለች። ሙሽራው የቱ ነው? ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

በዚህ ሠርግ ላይ የተውሶ ዕቃ አይታየኝም። መዝጊያው የራሳቸው ነው። ነዶው የራሳቸው ነው። አክሊሉ ወረቀት ነው፤ ማንም ወርቅ ነው አላለም። ሥዕሉ ግን 450 ዓመት አልፎታል፤ ሰው እስከ ዛሬ ሊያየው ይሰለፋል።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምርላችሁ። በ1604 የሠዓሊዎችን ታሪክ ያሳተመው ካሬል ቫን ማንደር እንደጻፈው ብሩገል የከተማ ሰው ሆኖ ሳለ ከአንድ ነጋዴ ወዳጁ ጋር የገበሬ ልብስ ለብሶ ወደ ገጠር ሠርግ ይሄድ ነበር። የሙሽራው ወይም የሙሽራዋ ዘመድ ነን እያሉ ስጦታ ይዘው ይገባሉ። አያችሁ? የከተማው ሰው ድሃ ለመምሰል ልብስ ሲቀይር፣ የእኛ ልጅ ሀብታም ለመምሰል ቪላ ይከራያል። ብሩገል ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ ዕዳ ይዞ አልተመለሰም፤ ሥዕል ይዞ ተመለሰ።

ሽማግሌዎች ሲዘፍኑ

የመጨረሻው ያኮብ ዮርዳንስ ነው። በ1638 የሣለው ሥዕል አንትወርፕ ውስጥ አለ። ሦስት ትውልድ አንድ ጠረጴዛ ከብቧል። አያት ይዘፍናል፤ አያት እናት መነጽሯን አድርጋ ከወረቀት ታነባለች፤ አባት ጉንጩን ነፍቶ ይነፋል። ሕፃኑስ? ሕፃኑም የራሱን ፉጨት ይዟል! ሽማግሌዎች እንደዘፈኑ ልጆች ይነፋሉ የሚለው የአገሩ ተረት ነው። እኛ «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» እንደምንለው ነው።

ልጅ የሠርግ አልበም ይወዳል። አምስት ዓመት ሲሞላው ገልጦ «ይሄ ቤት የት ሄደ?» ብሎ ይጠይቃል። ያኔ ወይ እውነቱን ትነግሩታላችሁ፤ ወይ ካባ ታለብሱታላችሁ። የመጀመሪያውን ፉጨት ከእናንተ ይማራል።

ወደ ደብዳቤው እንመለስ

እህቴ፣ ለጥያቄሽ መልሴ ይህ ነው። አንቺ ያልሠለጠንሽ አይደለሽም። እሱንም ውሸታም አልለውም። ፈርቷል። የጓደኞቹን ሠርግ አይቷል፤ የዘመዶቹን አፍ ያውቃል፤ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ተቀምጦ መታየት ሞት መስሎታል። ይህን ፍርሃት አትሳቂበት። ነገር ግን በሰው ወርቅ አይደመቅም። ዕዳው የአንድ ቀን አይደለም፤ ሁለት ዓመት አብሯችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ያድራል። ሦስተኛ ሰው ሆኖ ነው የሚገባባችሁ።

ስለዚህ ምን አድርጉ? ጥሪ ወረቀቱ ሳይታተም በፊት አንድ ቅዳሜ ምረጡ። አንድ ደብተር፣ ሁለት ወንበር። እንደ ማሲስ ሥዕል አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ እንጂ ፊት ለፊት እንደ ፍርድ ቤት አትፋጠጡ። ሦስት ጥያቄ ጻፉ። አንደኛ፣ ፎቶው ውስጥ የሚገባው ዕቃ ማታ የማን ቤት ያድራል? ሁለተኛ፣ ዕዳው በብር ስንት ነው? ከማን ደመወዝ ይከፈላል? በየትኛው ወር ያልቃል? ሦስተኛ፣ ይህን ከማን ነው የምንደብቀው? ለምን?

ከዚያ ቀብድ የሚመለስበትን ሁሉ ሰርዙ። ቪላው፣ ሶፋው፣ መኪናው። ለአክስት ወርቋን መልሱ፤ ደስ ይላታል። የተመለሰውን ገንዘብ ሳታሳድሩ ለጓደኛው ስጡ፤ ዕቁቡ ላይ ያለው ግዴታ ብቻውን ይበቃችኋል። ለወላጆችሽም ራሱ አብሮሽ ሄዶ ይንገራቸው። ስለ ጉራው ሳይሆን ስለ ሒሳቡ ነው የሚነግራቸው። ሙሽራ ከሠርጉ በፊት ዕዳውን ሲናገር ያከበረው አማት እንጂ የናቀው አላየሁም።

ፎቶውስ? ፎቶማ ይነሣ! ለምን አይነሣም? ያችው አንድ ክፍል ውስጥ ይነሣ። በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ እንደ ተራ ነገር ጣል አድርገሽ ያለፍሽው አንድ ወሬ አለ። ለአዲሱ ቤታችሁ አልጋውንና ጠረጴዛውን እሱ ራሱ ማታ ማታ እየሠራ ነው ብለሻል። ታዲያ ይህን ትታችሁ የማን ሶፋ ላይ ልትቀመጡ ነው? ጠረጴዛው ከፊት ይሁን። የሚሠራበት መሮና መላጊያ ከጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ። የአንቺም ሙያ የሚታወቅበት አንድ ዕቃ ይጨመር። ውጭ ያሉ ዘመዶች ሲያዩት «ይሄን ማን ሠራው?» ይላሉ። መልሱ ሁለት ፊደል ነው፤ ባሌ። እንዲያውም ብልጥ ከሆነ ከዚያ ፎቶ ላይ ትዕዛዝ ያገኝበታል!

አንተም ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ አትቀየመኝ። ሚስትህ የምትሆነው ልጅ ያፈረችው በክፍሉ አይደለም። ክፍሉን በመደበቅህ ነው ያዘነችው።

ደብተሩን ልክፈት ስትይው «አያገባሽም» ካለሽስ? እንግዲያው እህቴ፣ ነገሩ የፎቶ መሆኑ ቀርቷል። ያኔ ሁለታችሁንም የሚወድ አንድ ታላቅ ሰው ጥሩ፤ ከሠርጉ በፊት ይነጋገር። ቀን ቢገፋ ይገፋ። ሠርግ መግፋት ነውር አይደለም። ነውሩ ሁለት ሰው አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ አንዱ የሌላውን ሒሳብ አለማወቁ ነው።

ለሌሎቻችሁ አንባቢዎቼ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። ዛሬ ማታ ቤታችሁን እንደ ቫን ኤይክ ዙሩት። አንድ ሠዓሊ መጥቶ አምስት ዕቃ ብቻ እሥላለሁ ቢላችሁ የትኞቹን ትሰጡታላችሁ? የትኛው ነው ስለ እናንተ እውነቱን የሚናገረው? ፓኖፍስኪን ያየ እንደሚያውቀው ዕቃን ማንበብ ያሳስታል፤ ስለዚህ የሰው ቤት ሄዳችሁ አትጠንቁሉ። የራሳችሁን ብቻ አንብቡ። ዝርዝሩን ጻፉልኝ፤ ስማችሁን እንደ ልማዴ አላወጣም።

እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱ!